በሃይላንድ የሚቀዳውን «የኒም ዘይት» እንዳትገዙ!

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ጓሯችሁ ውስጥ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም የምታለሙ፣ ይህን ሳታነቡ ቅዳሜ ገበያ እንዳትወርዱ። መርዝ ሸሽቶ የኒም ዘይት፣ ማለትም ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የተባይ መከላከያ፣ ፍለጋ ለመጣ ሰው መርዝ እየቀዱ እየሸጡለት ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ዘሩን፣ የአይጥ መርዙን፣ የትኋን መድኃኒቱን አንድ ላይ ደርድሮ የሚቀመጠው ዓይነት ነው። ክሽክሽ የምንለው ጥቃቅን ተባይ ጎመኑን ወርሮታል፣ ልጆች የሚበሉት ስለሆነ ኬሚካል አልፈልግም አልኩት። «ገብቶኛል እትዬ፣ ለእርስዎማ የኒም ዘይት ነው የምሰጥዎ። ምንም ያልተቀላቀለበት፣ የዛፍ ፍሬ ጭማቂ። ዛሬ ረጭተው ነገ ቢበሉት ምንም አይልዎትም» አለ። ጎንበስ ብሎ መለያው የተላጠ ጄሪካን አወጣና ግማሽ ሊትር በሃይላንድ ቀዳ። ሲቀዳ ጣቱ ላይ ትንሽ ፈሰሰበት። ቶሎ ብሎ በጨርቅ ጠረገው፣ ጨርቁን ራቅ አድርጎ ወረወረው፣ ከዚያ ውሃ አስቀድቶ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ። ታጥቦ ሲጨርስ 350 ብሬን ተቀበለ። ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው! ለራሱ ጣት የፈራውን ነው ልጆች ይብሉት ያለው።

ንጹህ የኒም ዘይት ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወፈር ያለ ነው። ብርድ አይችልም፤ በጎንደር ጠዋት ይደፈርሳል፣ ይረጋል። ይሄኛው ሌሊቱን ውጭ አድሮም ቀጭን ነው። ንጹህ ዘይት ያለ ሳሙና ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይሄኛው ጠብ ሲል ውሃው ወተት መሰለ፤ ማቀላቀያ ኬሚካል ገብቶበታል። በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የታሸገ የኒም መድኃኒትም እንዲህ ሊነጣ ይችላል፣ እሱ ግን መለያ አለው፣ «ምንም ያልተቀላቀለበት» ተብሎም አይሸጥም። ሽታውን አትመኑ። ኒም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ ማላታይን የሚባለው ኬሚካል ፀረ ተባይም እንዲሁ፤ ማታለያው የሚሰራውም ለዚህ ነው።

ቁርጡ የታወቀው አንድ እግር ጎመን ላይ ሲሞከር ነው። ኒም ተባዩን ከመብላትና ከማደግ ያግደዋል እንጂ ወዲያው አይጥለውም፤ ቀናት ይፈጃል። እዚህ ግን ሰዓት ሳይሞላ ከቅጠሉ ስር ያለው ክሽክሽ ረገፈ። ክሽክሹን ስትበላልን የነበረችው ቀይ፣ ባለ ጥቁር ነጥብ ጢንዚዛም በጀርባዋ ወድቃ እግሯን ታራግባለች። ይህ የነርቭ መርዝ ሥራ ነው።

ይዤ ተመለስኩ። ያ «እትዬ» ያለኝ ሰው ቀና ብሎም አላየኝ። «ሞተልሽ አልሞተልሽም? ከሞተ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አገር ሁሉ ይወስዳል፣ አንቺ ብቻ ነሽ ምርምር የያዝሽው» አለ። የጄሪካኑን መለያ አሳየኝ ስለው በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው። ከኋላዬ ለቆሙ አንድ አባት ዓይኔ እያየ ከዚያው ጄሪካን ቀዳላቸው። ተዉ አልኳቸው፤ እሱ ሳቀ፣ እሳቸውም ከፍለው ሄዱ።

ለምን እንዲህ እንደምናደድ ይግባችሁ። ጎመን እንደ ስንዴ አንዴ ታጭዶ የሚያበቃ አይደለም፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከስር ከስሩ ይቀነጠባል። ኬሚካል ፀረ ተባይ ከርጭት በኋላ ሳይለቀም የሚቆይበት ቀን አለው፣ አንዳንዱ ሳምንትና ከዚያ በላይ ነው። ዳይሜቶኤትን የመሰለው ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ ብታጥቡትም አይወጣም። መለያ የሌለውን ስንት ቀን ትጠብቁታላችሁ? «አንድ ክዳን በሊትር» የሚሉትም መለኪያ አይደለም። መድኃኒቱ 5% ይሁን 50% ሳይታወቅ ያችው አንድ ክዳን አስር እጥፍ ልትለያይ ትችላለች። ልጅ ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ? ሐኪሙ ምን ብሎ ያክመዋል? እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ አታስመልሱት፣ ወተትም አታጠጡት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ በአዋጅ የተከለከለ ነው፣ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ለክሽክሽ መድኃኒት መግዛትም አያስፈልግም። በ1 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጡ፤ ኦሞ አይሁን፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካልጠወለገ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቅጠሉን ስር እስኪርስ ርጩት። ሳሙናው የሚገድለው እርጥብ ሳለ የነካውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ በ4 ወይም በ5 ቀን ድገሙት። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በውሃ አለቅልቁት። አባጨጓሬ በእጅ ይለቀማል። የትምባሆ ውሃ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ኒኮቲን ራሱ ከባድ መርዝ ነው፣ ቲማቲምና ቃሪያ ላይ የቫይረስ በሽታም ሊያመጣ ይችላል። የግድ ከገዛችሁ ያልተከፈተ፣ የንጥረ ነገሩ ስምና መጠን፣ የምዝገባ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ይሁን። ከመለያው ግርጌ ቀይ ወይም ቢጫ መስመር ካለ ለጓሮ አትውሰዱት።

ያው ዕቃ በእጃችሁ ያለ፣ ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት። በቀሃም በአንገረብም ወንዝ ብሎ መገጭ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ ጣና ነው። ክዳኑን አጥብቃችሁ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበትና ቆልፉበት፤ ከዚያ ወስዳችሁ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አሳዩ፣ ከማን እንደገዛችሁም ንገሩ።