እናቴን ቀን ቀን የምትይዝልኝ ሴት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፣ ከ8 ወር በኋላ

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። በሰአት 27 ዶላር፣ ከ4 ሰአት በታች ብላችሁ አትመጣም፣ ማታ የለም፣ ቅዳሜና እሁድ የለም። እኛ ጋ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰአት (በኛ አቆጣጠር) ነው የምትውለው፣ በሳምንት 324 ዶላር ይመጣል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲሰማ «እኔ ስራዬን ትቼ ልያዛቸው እንዴ፣ ይሻለኛል» ብሎ ቀለደ፣ ከዛ ሂሳቡን ሲያሰላ ቀልዱ ቆመ።

እማዬ 76 አመቷ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት አመቷ። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ካለፈው አመት ጀምሮ ደግሞ መርሳት ቢጤ መጣና ምድጃ ለኩሳ ትታው ትሄዳለች። እኛ ቀን ቀን ስራ ነን፣ ልጆቹ ትምህርት። ሜዲኬር (የመንግስት የአዛውንቶች ጤና መድን) አይከፍልም ወይ እንዳትሉኝ፣ በግሪን ካርድ በቅርብ የመጣ ሰው እዚህ አምስት አመት ሳይኖር ልክፈል ቢል እንኳን ሜዲኬር አይገባም፣ ቢገባም ደግሞ ሜዲኬር እንዲህ አብሮ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው አይከፍልም። ስለዚ ከኪስ ነው በቃ።

ከሷ በፊት በኤጀንሲ ሞክረን ነበር፣ ስሙን ተዉት። በሁለት ወር ሶስት ሰው ቀያየሩብን። አንዷ የካሜሩን ሴት ነበረች፣ እግዜር ይስጣት እንዴት ያለች ደግ ሰው መሰላችሁ፣ ግን ቋንቋ የለም። እማዬ ከሷ የተማረችው እንግሊዝኛ «ኖ ፔይን» (አያመኝም) ብቻ ነው፣ ምን ሆንሽ ስትባል ኖ ፔይን፣ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ኖ ፔይን። አንድ ቀን ደግሞ ልጄ (እዚህ የተወለደች ናት) ሐኪም ጋ ወሰደቻት፣ እማዬ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች፣ ልጄ ሆዷን ያማታል ብላ ተረጎመችው፣ አልትራሳውንድ ድረስ ታዘዘላት። ባር ባር ማለት ብቸኝነት ነው ብዬ ሳስረዳት ልጄ እንዴት እንዳለቀሰች።

እሺ ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ሃምሳ ምናምን አመቷ ነው፣ ሲኤንኤ (ሰርተፊኬት ያላት የነርስ ረዳት) ናት፣ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንት መንከባከቢያ) ውስጥ ከ15 አመት በላይ ሰርታ ወገቧ ሲደክም ነው ወደ ሰው ቤት የዞረችው። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ እኔ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፣ መድሃኒቱ ይሄ፣ ምሳው ይሄ፣ ሻወሩ እዚህ ጋ። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና ወደ እማዬ ዞራ «እማማ፣ እስቲ ቤቱን ያሳዩኝ» አለቻት። እማዬ ተነሳች። ከመጣች ጀምሮ እንደ እንግዳ ሳሎን የተቀመጠች ሴትዮ ዱላዋን ይዛ ኩሽናዬን ልታስጎበኝ ሄደች! ምጣዱ የት እንደሆነ እንኳን አታውቅም ነበር፣ አብረው ፈለጉት።

በሁለተኛው ሳምንት በጊዜ ገባሁ፣ እማዬ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። የዚህ አገር ምስር ደግሞ ምኑ ይለቀማል፣ ከፓኬት ወጥቶ ድስት ነው የሚገባው። እውነቱን ልናገር፣ በሰአት 27 ዶላር እየከፈልኩ እናቴ ምስር ትለቅማለች ወይ ብዬ ተናደድኩ። ሴትየዋ ውጪ ጠርታ «እጇ ስራ ካልያዘ ከሰአት በኋላ ልሂድ ልሂድ ይላታል» አለችኝ። እውነትም ወደ 10 ሰአት ገደማ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በር ጋ ትቆም ነበር፣ ቤቴ ልሂድ እያለች፣ አልጋ ቁራኛ የሚጠብቃት አለ እያለች (አባቴ ከሞተ 11 አመቱ)። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ያ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሌላው ቀን ግን አለ፣ አልዋሽም።

ስራዋን በደንብ እንደምታውቅ የገባኝ በእግር አጠባው ነው። በየመጣችበት ቀን ለብ ባለ ውሃ የእማዬን እግር ታጥባለች፣ እማዬ እየመረቀቻት፣ ክብር ነው ለሷ፣ የድሮ እንግዳ አቀባበል ነው የሚመስላት። ሴትየዋ ግን በጣቶቿ መሀል እያየች ነው፣ ተረከዟን እያገላበጠች ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል ላይሰማው ስለሚችል። በሶስተኛው ወር እኔ የገዛሁላት ጫማ ትንሿ ጣቷን ልጧት አገኘችው፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁስል። እማዬ ጭራሽ አልተሰማትም። በማግስቱ ሐኪም ጋ ወስደን በጊዜ ዳነ፣ ጫማውን ጣልኩት።

ሁዳዴ ላይ ደግሞ ትልቁ ጦርነት ነበር። እማዬ እስከ 9 ሰአት ካልጾምኩ ብላ ድርቅ አለች፣ ሜትፎርሚኑ (የስኳር ኪኒኗ) ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው ብንላት ወይ ፍንክች። አንድ ሐሙስ ሴትየዋ ስኳሯን ስትለካት 64 ሆነ (ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው)። ግማሽ ብርጭቆ ጁስ አጠጥታ፣ 15 ደቂቃ ጠብቃ ደግማ ለክታ፣ ሲስተካከል ነው እኔ ጋ የደወለችው። ከዛ በራሷ አስባ አዲስ አበባ ለንስሐ አባቷ በስፒከር አስደወለቻት። አባ «ለታመመ ጾም አይታዘዝም፣ በጠዋት ቅመሽ» ሲሏት እማዬ አኩርፋ እሺ አለች። የጾም ምግቡን አልተወችም፣ ሰአቱን ብቻ ነው። እኔ አንድ ወር ለምኜ ያቃተኝን!

መድሃኒት በእጇ አትሰጥም፣ ከመጀመሪያው ነግራኛለች። የሳምንቱን ሳጥን እሁድ እሁድ እኔ እሞላለሁ፣ እሷ ታስታውሳታለች፣ መዋጧን ታያለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ደብተሩ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ስኳሩ ስንት፣ ምን በላች፣ ሽንት ቤት ስንቴ፣ አንዳንዴም «ዛሬ ስለ ወንድሟ አውርታ አለቀሰች፣ ሲመሽ ደውሉላት» የሚል።

የማልወድላት ነገር? ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው ትልቁ አውራ ጎዳና፣ 495) አትነዳም። 495 ስትሏት ፊቷ ይለዋወጣል፣ የሐኪም ቀጠሮ ካለ በጆርጂያ አቬኑ እያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ እየቆመች ነው የምትሄደው፣ ስለዚ ቀጠሮ በጠዋት አትያዙ። በረዶ ጥሎ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤት ከተዘጋ እሷም ዝግ ናት፣ እኔ ግን ስራ አለብኝ። የልጆቹን ሳህን አታጥብም፣ የእማዬን ብቻ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ልክ ናት፣ የቤት ሰራተኛ አልቀጠርኩም። ወሬ ደግሞ ትወዳለች፣ ቀኑ ካለቀ በኋላ በር ላይ ሌላ ግማሽ ሰአት (ይሄን አታስከፍልም)።

አንድ ነገር ግን ተዘጋጁ፣ ክፍያው በካሽ በእጅ አይደለም። ደብሊው ቱ (የደሞዝና የግብር ወረቀት) ትፈልጋለች፣ ሶሻል ሴኩሪቲዬ (የመንግስት ጡረታዬ) ላይ ይቆጠርልኝ ነው የምትለው። ለቤት ውስጥ ሰራተኛ በአመት ከተወሰነ በላይ ከከፈላችሁ (2025 ላይ 2,800 ዶላር ነበር) ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 ፐርሰንት ከናንተ፣ ያንኑ ያህል ከሷ ይቆረጣል። ወረቀቱ አሰልቺ ነው፣ እኔ ለአካውንታንት ሰጠሁት። ኤጀንሲው በሰአት 34 እያስከፈለን ለሰራተኛዋ 17 ምናምን ነበር የሚሰጣት፣ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ስለዚ ይሄኛው አልከበደኝም።

ሰኞና አርብ ጥቂት ሰአት እንዳላት ነግራኛለች፣ ዊተንም ትሄዳለች፣ ታኮማ ፓርክም፣ ቨርጂኒያ ግን በቤልትዌዩ ምክንያት እርሱት። ስትደውሉላት እናታችሁ አጠገባችሁ ትሁን፣ ስልኩን ለሳቸው ስጡልኝ ማለቷ አይቀርም፣ ከናንተ ጋር ብዙም አታወራም። ሐሙስን ግን እንዳትጠይቋት፣ እማዬ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ምስሩን ትሪ ላይ አውጥታ ነው የምትጠብቃት።