ወደ ደቅ የምትሻገሩ ከሆነ ኮንትራት ጀልባ ይቅርባችሁ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት ላይ ዘመድ ያለው ሰው ኮንትራት ጀልባ መያዝ የለበትም። የአገሬው ሰው በሚሳፈርበት ይሂድ።

ባሕር ዳር ወደቡ አካባቢ ገና ከባጃጅ ሳንወርድ ደላላ ከበበን። አንደኛው መጀመሪያ የነገረኝ ዋጋ ደህና ነበር። ልጃችን ከእናቷ ጋር በእንግሊዝኛ ስታወራ ሲሰማ ግን ሒሳቡ እጥፍ ሆነ። ምነው ብለው፣ «ጋሼ፣ ነዳጅ እኮ ጨምሯል» አለኝ። ቆመን እያወራን ሳለ መሆኑ ነው! ትተነው ሄድን።

የሕዝቡ ጀልባ ለዓይን አይስብም። ከላይ ሸራ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ አለቀ። የምንኖረው ሲያትል ስለሆነ ከነመኪናችን ጀልባ ውስጥ ገብተን በ35 ደቂቃ ቤይንብሪጅ ደሴት መድረስ ለምደናል። ይኼኛው መኪና አይጭንም። ሌላውን ግን ምኑ ይቀራል! ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ የቢራ ሳጥን፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። በመጨረሻ አንድ ሞተር ሳይክል መጣ።

አጫጫኑን ቆሜ አየሁት። ሁለት ሳንቃ ጎን ለጎን ተነጠፈ። አንዱ ከፊት በገመድ ሳበ፣ ሁለቱ ከኋላ ገፉ። ረዳቱ ጎማው ሥር ጆንያ ወሸቀና ሞተሩን ከአግዳሚው እግር ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውኃው የጀልባዋ ጎን ላይ የት እንደደረሰ አየ። «እናንተ ሦስታችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ። እማማ፣ እርስዎ ባሉበት ይሁኑ።» ጀልባዋ ቀጥ አለች። ይህን ልጅ አለማድነቅ አይቻልም።

ላይፍ ጃኬት አለ፤ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይሰጣችሁም። የልጅ መጠን የለም፤ ልጅ ያላችሁ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። ሽንት ቤትም የለም። ክፍያው በጥሬ ብር ነው።

ትልቁ ችግር ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይነሳል የተባለው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ተነሳ፤ ሰው እስኪሞላ መሆኑ ነው። ይህ በሌላ ቦታ ቢሆን ባልከፋ። ጣና ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ወዲያው ነው የሚመጣው። ጠዋት የጠፋች አንድ ሰዓት መጨረሻ ላይ በውኃ ርጭት ትከፈላለች። እኛም ሸሚዛችን ረጥቦ ነው የወረድነው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። በዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች አየን፤ ልጄ ስልኳን ያስቀመጠችው ያኔ ብቻ ነው።

ደሴቱ ላይ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ሳታዩ አትመለሱ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው፤ ሴትም ወንድም ይገባል። አጠገቡ ባለው ትንሽ ደሴት ላይ ያለው፣ የነገሥታት አፅም የሚገኝበት የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ለሴት አይፈቀድም። እኔ ብቻ በትንሽ ጀልባ ደርሼ መጣሁ፤ ባለቤቴና ልጄ ከአክስቴ ጋር ቡና ጠጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላም ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ። ዘመድ የሚያውቀውን ሆቴል አያውቀውም።

መመለሻው ማለዳ ስለሆነ ቦታ ማታውኑ ለካፒቴኑ ነግሮ ማስያዝ ያስፈልጋል። እኛ የጎረቤት ልጅ ልከን አስያዝን። ለያዝነው ሻንጣ የጠየቀን የለም። አክስቴ የሰጠችን ሁለት ማዳበሪያ ማንጎ ግን ሒሳብ ተጠየቀበት። ክርክሩን ለሷ ተውኩት፤ ካፒቴኑን በልጅነቱ ስሙ ጠርታ ግማሹን አስቀነሰችው።