ጅማ ላይ «የንጉሥ ማዕድ» ለሚባል ጥቅል ቅድሚያ አትክፈሉ

የአካባቢውን ምግብ ለመቅመስ ጓጉታችሁ ወደ ጅማ የምትሄዱ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የደረሰብንን ነው የምጽፈው።

መናኸሪያው አጠገብ እንደወረድን አንድ ትሑት ወጣት ተቀበለን። ጨጨብሳ፣ ቆጮ፣ ቡና ቀላ፣ የጫካ ማርና መጠጥ በአንድ ላይ «የንጉሥ ማዕድ» ተብሎ ለአንድ ሰው በ1,200 ብር የሚቀርብበት ቤት አውቃለሁ አለን። አባ ጅፋር ይመገቡት የነበረው ማዕድ ነው ሲልም ጨመረ። ቦታ እንዳይያዝብን ግማሹን አሁኑኑ ክፈሉ ሲለን ሳናመነታ 2,400 ብር ሰጠነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ ቀድሞ የከፈለ ሰው ምግቡ ባይጥመውም ተነሥቶ መውጣት ይከብደዋል።

ምግብ ቤቱ የዋጋ ዝርዝር የለውም። መጀመሪያ የቀረበልን ጠጅ ነበር፤ እኔም መጠርጠር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ሙስሊም ንጉሥ ነበሩ። ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣውን ብርዝ ቢያቀርቡልን ባመንሁ ነበር። በእኚህ ንጉሥ ስም ጠጅ የሚቀዳ ሰው ግን ወይ ስለ አገሩ አያውቅም፣ ወይ እኛ እንደማናውቅ ገምቷል።

ቀጥሎ ቡና ቀላው መጣ። ከመካከላችን የአንዷ አያት በጅማ ዞን ካለችው ከጌራ ናቸው፤ ሳህኑን አየችና ዝም ብላ ወደ ጎን ገፋችው። ቡና ቀላ የሚሠራው ከነገለፈቱ በደረቀ ቡና ነው። የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ተነክሶ ይወጣና በቅቤ ቀስ እያለ ይበስላል። ስሙም በኦሮምኛ ከማረድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለምርቃትና ለክብር እንግዳ የሚቀርብ እንጂ እንደ ቆሎ የሚዘገን አይደለም። የቀረበልን ተፈልፍሎ የተቆላ፣ ለመውቀጥ የተዘጋጀ የሚመስል ቡና ነበር፤ ከላዩ ዘይት ተርከፍክፎበታል። ያቺን ልጅ ፊቷን አይቼ እኔ አፈርሁ። የአያቶቿ የክብር ምግብ ነው እንዲህ የተዋረደው።

ጨጨብሳው የትናንት ቂጣ ነው። ከምጣድ በትኩሱ ወርዶ በቅቤና በበርበሬ የታሸ ቂጣ ይለሰልሳል፤ ይህ ግን ዘይቱን መጥጦ እንኳ ጥርስ ይፈትናል። ቆጮው ቀዝቃዛ ነበር። ማሩ ላይ ግን ፍርድ አልሰጥም፤ ስኳር ገብቶበታል ብሎ በምላስ ብቻ መማል አይቻልም። (በነገራችን ላይ፣ ገበያ ውስጥ ነጭና የረጋ ማር ብታገኙ የተበላሸ ወይም የተቀላቀለ እንዳይመስላችሁ። ከጌተም ዛፍ አበባ የሚገኘው የዚያ አገር ማር ነጭ ነው፤ መርጋትም የማር ጠባይ ነው። ጣት ላይ እያንጠባጠቡ ወይም እሳት እየለኮሱ መፈተኑም አያስተማምንም።)

ሂሳቡ ሲመጣ 6,072 ብር ሆኗል። በ4,800 ብር ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደምረውበታል። ሁለቱንም ቀድሞ የነገረን አልነበረም። ደረሰኝ ስንጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ብጣሽ ወረቀት ሰጡን። ታክሱን ከእኛ ተቀብለው ደረሰኙን ሲከለክሉን ገንዘቡ ለመንግሥት ስለመግባቱ ምን ማረጋገጫ አለን? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ለሸማቹ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኛ ደክሞን ከፍለን ወጣን፤ እናንተ ግን ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

መንገድ ላይ ለሚያገኛችሁ ደላላ ምንም ገንዘብ አትስጡ። ከመቀመጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ምግብ ዋጋ ለየብቻው፣ ታክስና አገልግሎት ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ቡና ቀላ ሁልጊዜ አለን የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ አስነግሩት፤ የሚያውቅ ሰው ከገለፈቱ ይጀምራል።

በማግስቱ ጠዋት የጌራዋ ልጅ መርታን ሂርማታ ገበያ አጠገብ ካለች፣ ሰሌዳ እንኳ ከሌላት ጠባብ ቤት ገባን። ምጣዱ በሩ ላይ ተጥዷል፤ ቂጣው ሲጋገር ይታያል፤ የኮረሪማው ሽታ ከውጭ ይቀበላል። ባለቤቲቱ ሊጡን ምጣዱ ላይ ከማፍሰሳቸው በፊት ዋጋውን ነገሩንና፣ «ቅቤ ተወዷል ልጆቼ፤ በዘይት ይሁን ካላችሁ እቀንስላችኋለሁ» አሉን። በቅቤ አዘዝን።