«ቆጮው ዛሬ ይቅርብዎት» ያለችኝ አስተናጋጅ

ድሮ ክትፎ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሥጋውን ነበር። አሁን አስተናጋጆቹን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር አካባቢ አንድ ክትፎ ቤት ገባን። ስሙን አልናገርም፤ አሁንም ቢሆን ወንበር የሚገኘው በስንት ልመና ነው። ለብ ለብ በቆጮ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቆጮው ዛሬ ደረቅ ብሏል፣ ይቅርብዎት። በእንጀራ ይሻልዎታል» አለችኝ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ አጠገባችን ቆመው ጠረጴዛ ይወለውላሉ። ሰምተዋል። ልጅቷ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም፤ እሳቸውም ቀና አላሉም።

ይሄ ለምን እንደገረመኝ የሚገባችሁ ከዚያ በፊት የሄድንበትን ሌላ ክትፎ ቤት ብታዩት ነው። እዚያ ሥራ አስኪያጁ ካሸሯ ጎን ተቀምጦ በጣቱ ነው የሚያዘው። አስተናጋጁ «ቆጮው አሁን የገባ ነው» ብሎ ማለልን። መጣ፤ ካርቶን ነው። ልጁ ላይ ግን አልፈረድኩም፤ ምክንያቱም ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆ ከእጁ አምልጦት ሲሰበር ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ከደሞዝህ ይቆረጣል!» ብሎ ጮኸበት። (በነገራችን ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ በአፍ ደሞዝ መቁረጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።) ታዲያ እንዲህ ያለ አለቃ ፊት ማን ነው «ቆጮው ደርቋል» የሚለው? እዚያ ቤት እውነቱን የምታውቁት ከጎረሳችሁ በኋላ ነው።

ወደ እትዬ ቤት ልመለስ። ክትፎው በጣባ መጣ። ቅቤው ኮሰረት ኮሰረት ይላል፣ ኮረሪማው አልበዛበትም። ሥጋው በቢላ የተከተፈ ነው እንጂ በማሽን የተፈጨ አይደለም፤ አንድ ጅማት አላገኘሁበትም። አይቡም ጎመኑም ጥሩ ነው። ሚጥሚጣው ግን ጨው በዝቶበታል።

ጥሬ ያዘዘው ጓደኛችን የበሰለ መጣለት። እትዬ ራሳቸው ሳህኑን አነሱና፣ «ይቅርታ ልጄ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ትእዛዙን ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ። አዲሱን ክትፎ ይዞ የመጣው ከማድ ቤት ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ የወጣ ልጅ ነው። «እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለን። ጥፋት ሲሻሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጥበቃው ላይ ያርፍ ነበር።

ልንወጣ ስንል መብራት ጠፋ። እትዬ ማንንም ሳይጠሩ የስልካቸውን መብራት አብርተው እጅ መታጠቢያው ጋ ቆሙ፣ ደንበኛው ሁሉ በየተራ እስኪታጠብ ድረስ።

ጉድለትም አለው። መኪና ማቆሚያ የለውም፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ብዙ ትጠብቃላችሁ። ቅዳሜ ከሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ። ቆጮውን ከማዘዛችሁ በፊት ግን ልጅቷን ጠይቋት።