«ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» ብላ ለጠየቀችው ነርስ

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለከለከለችኝ አልጽፈውም። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለችኝ። ያንኑ ሥራ ሌሎች ሲዘልሉት በዓይኔ ስላየሁ ግን ምን እንዳደረገች ሳልናገር አላልፍም።

ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ህመም ነው። ሌሎች መድኃኒቶች ተሞክረው አልሆን ሲሉ ክሎዛፒን የሚባል ክኒን ተጀመረለት፤ አሁን ስድስት ዓመት ሆነው። ድምፆቹ ሙሉ በሙሉ ባይጠፉም ራቅ ብለዋል። ያነባል፣ ይስቃል፣ ከእኔ ጋር ይከራከራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው መድኃኒቱን ለማጥላላት አይደለም። ይህን አንብቦ ክኒኑን በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጥ ሰው ካለ ምስጋናዬ ወደ ጉዳት ተለወጠ ማለት ነው።

አንድ ሰሞን «ሆዴ ውስጥ ድንጋይ እየከተቱብኝ ነው» ማለት ጀመረ። ማን እንደሚከት ስንጠይቀው ማታ ማታ የሚመጡ ሰዎች ናቸው ይላል። ምግብ ቀነሰ፤ ሆዱን እያሻሸ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ህመሙ አገረሸበት አልኩ። ሲያስመልሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ የመጀመሪያውን መስመር ካነበበ በኋላ ወንድሜን ቀና ብሎም አላየው። «ምን ይላል?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፤ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ። እኔም ቃሉን ከአፉ ነጥቄ «ድንጋይ ከተቱብኝ ይላል» ብዬ መለስኩ። «መድኃኒቱ ሳያንሰው አይቀርም፤ ወደ አእምሮ ህክምና ክፍል ውሰዱት» ተብለን ተሸኘን። ሆዱን የነካ እጅ አልነበረም።

በማግስቱ የአእምሮ ህክምና ክትትል ክፍል ስንደርስ ያገኘናት እሷን ነው። ገና ከበር «እርስዎ ደህና አደሩ?» አለችው። ወንድሜን ከታመመ ወዲህ ትንሽ ትልቁ «አንተ» ነው የሚለው፤ ከእሱ በዕድሜ የሚያንሱ ሳይቀሩ። እኔ መልስ ልሰጥላት ስጀምር በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችኝና ወደ እሱ ዞረች። «ድንጋዩ የት ጋ ነው? ያሳዩኝ።» አሳያት። «ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» አለችው። ወንድሜ ጣቶቹን ቆጠረ። «ዘጠኝ» አለ።

ዘጠኝ ቀን! አንድ ቤት ውስጥ አብረን እየኖርን አላወቅሁም። ስላልተጠየቀ አልተናገረም፤ የተናገረውም በእሱ ቋንቋ ድንጋይ ሆኖ ወጣ።

አስተኝታ ሆዱን ነካካች፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። በማዳመጫ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ የሚወስዳቸውን ክኒኖች አንድ በአንድ ስታነብ አንዷ ላይ ቆመች። ክሎዛፒን ምራቅ ያበዛል፤ ትራሱ እየራሰ ሲቸገር ከጥቂት ሳምንታት በፊት ምራቅ የሚያደርቅ ክኒን ተጨምሮለት ነበር። ክሎዛፒን ብቻውን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ምራቅ ማድረቂያው ደግሞ በዚያው መንገድ ስለሚሠራ አንጀቱን ይብስ አሰነፈው። ለቀላል ችግር የተሰጠ ቀላል መፍትሔ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

እንደገና ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትልከን በወረቀት ብቻ አልላከችንም፤ ስልክ ደወለች። «የአእምሮ ህመሙን እኛ እንከታተላለን። እናንተ ሆዱን እዩልን» ስትል ሰማኋት። ራጅ ተነሳ። አንጀቱ በሰገራና በአየር ተሞልቶ ከመጠን በላይ ተለጥጦ ነበር። በአፍንጫው ቱቦ ገባለት፣ ግሉኮስ ተደረገለት፣ ከታች ታጠበ። ቀዶ ጥገና ሳያስፈልገው ቀረ። ሐኪሞቹ እንደነገሩኝ ጥቂት ቀን ቢዘገይ አንጀቱ ሊበሳ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በ1975 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ክሎዛፒን ከሚወስዱ ሰዎች መካከል 8ቱ ነጭ የደም ሴላቸው አልቆ በኢንፌክሽን ሞቱ። መድኃኒቱ በብዙ አገሮች ታገደ፤ የተመለሰውም ደም በየጊዜው እንዲመረመር በሚል ግዴታ ነው። የወንድሜ ደም ስድስት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ ተመርምሯል። ስለ ሆዱ ግን የጠየቀ አልነበረም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ከክሎዛፒን ጋር የሚመጣ የሆድ ድርቀት ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል ማስጠንቀቂያውን ያጠበቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ይናገራል፤ ከእነዚህ ሞቶች አብዛኞቹ የልብ፣ የስኳር፣ የሳንባና የመሳሰሉት የአካል ህመሞች ያመጧቸው ናቸው። እኔ ስድስት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት በተሳሳተው በር ነው።

ሁለተኛውን ውለታዋን ልጨምር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ክሎዛፒኑ ለአራት ቀን ቆሞ ነበር። ሲወጣ በቀድሞው መጠን እንዲቀጥል ተጽፎ ተሰጠን። ወረቀቱን ስታየው ደነገጠች። ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ በአንድ ጊዜ ወደ ቀድሞው መጠን አይመለሱም፤ ከ12.5 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው። ያለዚያ የደም ግፊት በድንገት ሊወርድ፣ ሰውም ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሙን ጠርታ አስተካከለችው። ሲጋራ ማጨሱንም ጠየቀችው። ለካ የሲጋራ ጭስ ክሎዛፒንን ከሰውነት በፍጥነት ያስወግዳል፤ አጫሽ ማጨሱን በድንገት ሲያቆም በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይጨምራል። እኔ ሲጋራ ስለ ሳንባ ብቻ የሚጠየቅ ይመስለኝ ነበር።

አሁን በየቀጠሮው ክብደቱን፣ የወገቡን ዙሪያ፣ የደም ግፊቱንና ስኳሩን ትመዘግባለች፤ ስለ ሆዱ መጠየቅም አትረሳም። ወንድሜ ለዚህ የራሱ ደብተር አለው። ማታ ማታ የሚመጡት ሰዎች ዛሬም ይመጣሉ ይላል፤ ድንጋይ ግን አያመጡም።

ከልቤ አመሰግናታለሁ። የአእምሮ ህመም ያለበት ሰው የምታስታምሙና አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በዚያ መንገድ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። እውነቱን ለመናገር ተራዋ ረጅም ነው፤ አንዱን ሰው ስለማትቸኩልበት ቀጣዩ ይጠብቃል። አስታማሚ በታማሚው ፈንታ ሲመልስ ትቆጣለች። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ለጉንፋንና ለራስ ምታት የተገዙትንም ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ ወደ ቤት ትመልሳችኋለች። እኔን ሁለት ጊዜ መልሳኛለች።