ብዙ የተነዳ አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት፦ እንዳለ ይሸጥ ወይስ ተፈትቶ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የብረት ቴላዮ ያለው አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት የሚሸጥ ሰው፣ እንዳለ ለአንድ ነጂ ከመስጠትና ፈትቶ ዕቃ ዕቃውን ከመሸጥ አንዱን መምረጥ አለበት። ቴላዮው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ አስፋልት ፍሬንን ክፉኛ ስለሚፈትን፣ አዋቂ ገዥ መጀመሪያ የሚዳስሰው የፍሬኑ ጎማ የሚይዘውን የቸርኬውን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ተበልቶ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ቀጥሎ የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት መጋጠሚያ ዙሪያ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ስንጥቅ አለመኖሩን ያያል። ስንጥቁን ቀብቶ ያን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው መሸጥ ከንግድ የሚቆጠር አይደለም።

ፈትቶ መሸጥ ሲታሰብ የተሻለ ገንዘብ ያስገኛል፤ በተለይ ካምፓኞሎ ወይም ሺማኖ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የማርሽ መለወጫዎች ለብቻቸው ፈላጊ አላቸው። ችግሩ ዕቃው ከምን ጋር ይገጥማል የሚለው ነው። ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ቸርኬ፣ ጎማው በሚያርፍበት ቦታ ሲለካ፣ ዲያሜትሩ 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን 700ሲ የሚባለው የእሽቅድምድም ቸርኬ ግን 622 ነው፤ የብዙ አሮጌ ቴላዮዎች የኋላ ቸርኬ የሚገባበት ስፋትም 126 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ ከእነሱ በኋላ የመጣው፣ መሃሉ 130 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቸርኬ በቀላሉ አይገባባቸውም። ስለዚህ ገዥ ፍለጋው እስከ አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሊዘልቅ ይችላል።

መፍታቱም ቢሆን ዋዛ አይደለም፤ ለዓመታት ቅባት ያላገኘ የአሉሚኒየም የኮርቻ ዘንግ ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በመዶሻ ላስለቅቅ ያለ ሰው ዘንጉንም ቴላዮውንም ሊያጣ ይችላል።