የዓይን ሞራዬን የተገፈፍኩበት የደብረ ብርሃን ክሊኒክ፦ የአንድ ልብስ ሰፊ አስተያየት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ከሲንጀሬ ጋር 31 ዓመት ተቀምጫለሁ። ቀኝ ዓይኔ መደብዘዝ ሲጀምር የከተማችን ጉም መስሎኝ ነበር። ጉሙ ፀሐይ ስትወጣ ይገፈፋል፣ የኔው ግን አልገፈፍ አለ።

ጉዴ የወጣው በሱሪ ነው። አንድ መምህር ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ አምጥቶ አሳጠርኩለት። በነጋታው ተመለሰና «ጋሼ፣ ይሄ ክር እኮ ቡናማ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ክር የምትመርጥልኝ፣ መርፌ የምታሾልክልኝ የጎረቤት ልጅ ሆነች። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰላምታው ነው። መንገድ ላይ የሰው ፊት አልለይም፣ ዝም ብዬ አልፋለሁ። «ኮርቷል» ተባልኩ። ማታ የባጃጅ መብራት ዓይኔ ውስጥ ሲበተን ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። የሌሊቱን ቅዳሴም ተውኩት።

«ሞራ ሳይበስል አይነካም» ሲሉኝ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ዶክተሯ ይህን ስነግራት ሳቀች። ያ የድሮ ነው አለች፤ አሁን ኑሮን ማስቸገር ከጀመረ ይወጣል፣ ከመጠን በላይ ከበሰለማ ሥራውን ያከብደዋል። ሞራ ማለት ዓይን ላይ የተለበጠ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ውስጥ ያለው ሌንስ ራሱ ነው የሚደፈርሰው። እሱን አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዚሁ ሞራ ነው። ይህን ልጄ ናት ያነበበችልኝ።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ክሊኒኩን በስም አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ደርሼ የታየሁት 8 ሰዓት ነው። ኮሪደሩ በረዶ ነው፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ቀዶ ጥገናው ግን ምስጋና ይድረሳቸው። ዓይኔን በመርፌ አደነዘዙት፣ ብርሃን ብቻ እያየሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ተኛሁ፣ አለቀ። አዲስ አበባ ቢሆን 130 ኪሎ ሜትር መንገድና የማደሪያ ወጪ ነበረብኝ።

በነጋታው ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ጋቢዬን ነው። ግራውን ሸፍኜ በቀኙ ሳየው ነጭ፣ ቀኙን ሸፍኜ በግራው ሳየው ቅቤ የነካው። እንደዚያ እያፈራረቅኩ ብዙ ቆየሁ። ሱቅ ገብቼ የክር መሳቢያዬን ስከፍት ደግሞ ሰማያዊው መሐል ቡናማ ክር ተኮልኩሏል። ስንቱን ደንበኛ እንዲህ ሸኝቼው ይሆን?

ጠብታው አንድ ወር ይፈጃል። ማሸት የለም፣ ውኃ ማስነካት የለም፣ ጎንበስ ማለትም የለም። ስግደቱን ለንስሐ አባቴ ነግሬ «ቆመህ ጸልይ» ተብያለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። የሌንሱን ቁጥር ሲለኩ ማንም «ሥራህ ምንድን ነው?» አላለኝም። ለሩቅ የሚሆነውን አስገቡልኝ። ሩቅ ተራራ ላይ ያለ በግ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፣ የመርፌ ቀዳዳ ግን ያለ መነጽር አይታየኝም። ለገበሬ ወይም ለሾፌር ጥሩ ነው፣ ለልብስ ሰፊ ግን ቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ስጠይቅ፣ የግራውን ለቅርብ ማድረግ እንደሚቻል ነገሩኝ። ይህ የሚነገረኝ አሁን ነው?

ያም ሆኖ ግራውን ከፋሲካ በኋላ እዚያው ነው የምሠራው። መለኪያው ክፍል የምገባው ግን መርፌና ክሬን ይዤ ነው።